የአባቴ ካፖርት

አጎቴ የአባቴን ካፖርት ተውሶ አልመለሰም። ገርጂ ቤቴ ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር የናፍታሊኑ ሽታ ያን ቀን ያመጣብኛል።

የአባቴ አርባ ነበር። አጎቴ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «እትዬ፣ የወንድሜን ካፖርት ለሰርግ አውሺኝ» አላት እናቴን። በተዝካር ቀን፣ ሰው ፊት፣ እምቢ አይባልም፤ ያውቃል። እኔ የምተኛው ካፖርቱን ለብሼ ነበር። እጅጌውን ይዤ ጮህኩ።

«ልቀቅ አንተ! አጎትህ ከራቀን ማን ይቀብረናል?» ብላ ጣቶቼን ፈለቀቀች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

እሷን ስንቀብር አጎቴ አልመጣም።

ዘንድሮ የአጎቴ ልጅ መጣ። «የእትዬን የአንገት መስቀል ለሙሽራዬ አውሰኝ፤ ለአንድ ቀን ነው።»

«አላውስም።»

«እንዴ! ዘመድ አይደለንም?»

«ነን። አላውስም።»

ጥር አሥራ አራት ቀን ነበር፤ መስቀሉን ሳይዝ ሄደ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።