ሊዲያ ጎማው ላይ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የትምህርት ቤታችን ኃላፊ ፊሽካና የተነፈሰ ኳስ ሰጡኝና፣ «ቲቸር፣ ልጆቹ እንዳይጣሉ ብቻ ጠብቂልኝ» አሉኝ። ለእሳቸው የስፖርት መምህርነት ይኸው ነበር። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅ አይሆንልኝም።

ሞያሌ የከባድ መኪና አገር ስለሆነች ያለቀ ጎማ ከሾፌሮቹ ለመንኩ። ጎማዎቹን እስከ ወገባቸው ቀብረን በተርታ አቆምናቸው። ልጆቹ መጀመሪያ መሬት ላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ ይሄዳሉ፣ ቀጥሎ በአንድ እግር ይቆማሉ፣ በመጨረሻ ከጎማ ጎማ እየተራመዱ ይሻገራሉ።

ሚዛን የሚያስቸግራቸው የትኞቹ እንደሆኑ ቶሎ ገባኝ፤ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር የሚመጡት የነጋዴ ልጆች ናቸው። ሞተሩ ከቤታቸው ደጅ አንስቶ ክፍላቸው በር ላይ ያወርዳቸዋል። የሰፈራችንን የማንያታን ጠጠርና ጉድጓድ እግራቸው አያውቀውም።

ከሁሉም የባሰችው ሊዲያ ነበረች። እናቷ እትዬ ዓለምነሽ ሆቴል አላቸው። ልጅቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ጥርሷ በተሰበረ ማግስት እየተንደረደሩ መጡ።

«ስሚ እህቴ፣ ልጄን ከዚህ ጨዋታሽ አውጪልኝ። ድጋሚ ብትወድቅ፣ ማርያምን፣ ሐዋሳ እህቴ ጋ ነው የምልካት!»

ሊዲያ ጫማ ጫማዋን ታያለች። አንጀቴን በላችው።

«እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትምጣልኝ። ተርሙ ሲያልቅ መጥተው ይዩዋትና ያሻዎትን ያድርጉ።»

አፍጥጠው አዩኝ። «ሀያ፣ እሺ። ግን ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያልሽ!»

ከሊዲያ ጋር የጀመርነው ጎማዎቹ ሥር ባፈሰስነው አሸዋ ላይ፣ ከአወዳደቅ ነው። ጉልበት ማጠፍ፣ አገጭን ደረት ላይ መለጠፍ፣ በጎን መንከባለል። ኃላፊው በመስኮት እያዩ፣ «ልጅ የምታስወድቂው በደመወዝ ነው?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ሊዲያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ «ቲቸር፣ እንደገና!» ማለት አመጣች።

ቀኑ ደረሰና እናትየው መጡ። ሊዲያ ገመዱን አለፈች፣ ጎማው ላይ ወጣች፣ ክንዶቿን ዘረጋች። መሃል ላይ እግሯ ከዳት።

«ወይኔ ልጄን!» እትዬ ዓለምነሽ ሊሮጡ ሲሉ ነጠላቸውን ጨምድጄ ያዝኩ። እኔም በሆዴ፣ ሐዋሳ ሄደች በቃ አልኩ።

ሊዲያ ጉልበቷን አጠፈች፣ አገጯን ደረቷ ላይ ለጠፈች፣ በጎኗ ተንከባለለችና ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። ወደ እኛ ዞር እንኳ ሳትል ተመልሳ ጎማው ላይ ወጣች።

«ወደቀች እኮ» አሉ እናትየው በቀስታ።

«አዎ፣ ወደቀች።»

አሸዋው ላይ ዘፍ ብለው ተቀምጠው ይስቁ ጀመር፤ እንባቸውም ይወርዳል። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን እፎይ ብዬ አላውቅም።

ለአዳዲስ የስፖርት መምህራን የምለው አንድ ነገር ነው። የልጁ መውደቅ የሚያስፈራው ወላጅ ካጋጠማችሁ፣ ልጁ አወዳደቅ እስኪችል ጠብቁ፤ ከዚያ ወላጁን ጥሩትና ሲወድቅ ይየው።