ውሃ የጠጣ መዶሻ

ልጅ ሳለሁ ምሽቴን ያበራልኝ የከሰል ፍም ነበር። አባቴ ከከተማችን ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አጠገብ፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ብረት መቀጥቀጫ ቤት ውስጥ፣ ለገበሬዎች ዶማና ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር። እሱ መዶሻውን ሲያሳርፍ የጋለውን ብረት ከፊቱ ቁጢጥ ብለው በጉጠት የሚይዙለት አው ዩሱፍ ነበሩ፤ «አው» እንደ አባት የሚከበር ሰው የሚጠራበት ነው። ሽማግሌው የሚኖሩት በሁለቱ እጆቻቸው ነበር።

እናቴ እራት አስይዛ ትልከኛለች። ያኔ መግሪብ ተሰግዶ፣ ፋኖሱ ተለኩሶ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ ሲያንቀላፋ፣ አው ዩሱፍ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ብዙ ተረት አልነበራቸውም። የሚደጋግሙት የመዶሻውን ነው። በበጋ እጀታው ደርቆ ይቀጥናል፣ መዶሻውም ይወዛወዛል። «የሚያጠብቀኝ ሽብልቅ እንጨት አስገባልኝ» ብሎ ጌታውን ይለምናል። ጌታው ግን ደክሞታል፤ ባልዲ ውስጥ ነክሮት ይሄዳል። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዝና «አልለቅህም» ይለዋል። እስከ ረፋድ ቃሉን ይጠብቃል። ከዚያ እሳቱ ያደርቀዋል፤ ከበፊቱ ብሶ ይቀጥናል።

እዚህ ላይ ያቆማሉ። ከዚያስ ስላቸው አባትህን ጠይቅ ይሉኛል። መዶሻውን በየምሽቱ ባልዲ ውስጥ የሚነክረው አባቴ ነበርና ከጥግ ሆኖ ይስቃል።

«ነገ ሽብልቅ እጠርባለሁ፣ አው ዩሱፍ።»

«ኢንሻአላህ በል። ይሄ ነገህ እኮ ጢም አበቀለ።»

አባቴ ሰነፍ አልነበረም። ከንጋት ጀምሮ ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለ ክንድ ማታ እንጨት መጥረብ ቀርቶ ጉርሻ ማንሳትም ይከብደዋል። ይህ የገባኝ የእኔም ክንድ ሲዝል ነው።

ትምህርት በሌለበት አንድ ረፋድ ብረት ቤት ነበርኩ። አው ዩሱፍ እንደ ልማዳቸው ከጎን አስቀመጡኝ፤ ከመዶሻ ፊትም ኋላም አይቀመጥም ይሉ ነበር። ጉጠት የያዘ ሰው ግን ከፊት ሌላ ቦታ የለውም። አባቴ ክንዱን ሲያወርድ እጀታው ብቻውን ወረደ። ብረቱ የሽማግሌው እጅ አንጓ ላይ አረፈ።

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠቅልለው አባቴን ቀና ብለው አዩት።

«ይኸው» አሉት ቀስ ብለው፣ «ለልጁ መጨረሻውን ነገርክልኝ።»

ወጌሻው አጥንቱን ጠገነው፤ ጣቶቻቸው ግን ጉጠት መጨበጥ እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። አባቴ በየምሽቱ ሽብልቅ ይጠርብና ያሳያቸዋል፤ እሳቸውም በግራ እጃቸው ዳስሰው ይመልሱለታል። ተረቱን ዳግመኛ አላነሱትም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ዛሬ ከግንቡ ውጭ፣ በር እና መስኮት በሚበየድበት ቤት እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት የእያንዳንዱን መዶሻ እጀታ ወለል ላይ መታ መታ አድርጌ ድምፁን አዳምጣለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ጋሼ፣ መዶሻው ዛሬስ ምን አለዎት?» ብለው ይስቁብኛል። ምንም አላለኝም እላቸዋለሁ። ተረት መንገር አልችልበትም።

በበጋ አልፎ አልፎ ባልዲ ውስጥ የተነከረ መዶሻ አገኛለሁ። ማን ነከረው ብዬ አልጠይቅም፤ የደከመው ሰው ነው። እኔም ደክሞኛል። ውሃውን ደፍቼ ቁጭ እልና ሽብልቅ እጠርባለሁ።