ኦቦ ቀጄላ ያስመረጡት ሌንስ

ቢንያም ሚስቱን ለማጨት ያመነታው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። አንድ ሌንስ ለመምረጥ ግን ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ሰበታ ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ነበረው፤ ሰርግ ያነሳል፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ልደት ሲጠሩት ይሄዳል። ልቡ ያለው ግን ትንንሽ ነገር ላይ ነበር፤ የንብ እግር ላይ የተጣበቀ የአበባ ዱቄት፣ ቀለበት ውስጥ የተቀረጸች የሙሽራ ስም። ለዚህ ደግሞ ማክሮ የሚሉት፣ ትንሹን ነገር ቀርቦ አግዝፎ የሚያነሳ ሌንስ ያስፈልጋል። ሚስቱ ቢታንያ በእራት ሰዓት ሳይቀር የሌንስ ወሬ እየሰማች መረራትና "ወይ ግዛው ወይ ተወው!" አለችው።

ችግሩ ሌንሱ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ካሜራ የሚሸጠው ጓደኛው በሪሁን አፉ እስኪደርቅ አስረድቶታል። አጭሩ ቀላል ነው፣ ለእጅ ይመቻል፤ ግን አራት ጣት እስኪቀረው ድረስ ካልተጠጉ አያነሳም። ረጅሙ ስንዝር ያህል ርቆ ያንኑ ያነሳል፤ ግን ይከብዳል፣ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደበዝዛል። በሪሁን በመጨረሻ ሰልችቶት ሁለቱንም አሸከመውና "ቅዳሜና እሁድ ሞክር፣ ሰኞ አንዱን መልስልኝ" ብሎ ሸኘው።

የሞከረው ኦቦ ቀጄላ ማሳ ላይ ነው። ኦቦ ቀጄላ ከከተማው ወጣ ብሎ በዓለም ገና በኩል ጤፍና ኑግ የሚያርሱ፣ ቀፎም ያላቸው አዛውንት ናቸው፤ ቢንያም ማር ሲገዛቸው ተላምደው ነበር። የ2008 መስከረም ነው፣ ኑጉ አብቧል። ቢንያም በደረቱ ተኛ፣ እሳቸውም ኮታቸውን አንጥፈው ከጎኑ ተኙ። በአጭሩ ሌንስ በተጠጋ ቁጥር የራሱ ጥላ ንቧ ላይ ያርፍና ትበራለች። አምስት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

"አንተ ልጅ፣ እንግዳ ቤትህ ቢመጣ እንዲህ ፊቱ ላይ ትደቀናለህ?" አሉት ኦቦ ቀጄላ። "ራቅ በልላት እንጂ!" ረጅሙን ሌንስ ራሳቸው ከቦርሳው አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀበሉት።

"ይሄ እጅ ከተንቀጠቀጠ ያደበዝዛል" አላቸው።

"እንግዲያው አትንቀጥቀጥ።"

በረጅሙ ንቧ ሥራዋን አልተወችም። አሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው ኩምሳ መጥቶ ምስሉን በካሜራው መስኮት ሲያይ "ፀጉር አላት እንዴ!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ "እኔንስ አታነሳኝም?" አለ። ቢንያም "አንተ ግዙፍ ነህ፣ እዚህ ውስጥ አትገባም" ብሎ ቀለደበት። በዚያ ቀን ሁለት መቶ ያህል የንብ ፎቶ አንስቷል፤ ለኩምሳ ግን አንድም አላነሳለትም። ሰኞ ረጅሙን አስቀርቶ አጭሩን መለሰ።

ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ ከተማው ሌላ ሆነ። አዲስ አበባ በማስተር ፕላኑ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው እየተባለ ተማሪው መንገድ ወጣ። ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ነደደ፣ ሚኒባስ ቆመ። በአንዱ ቀን ተተኮሰ፤ ኩምሳም ከወጣበት አልተመለሰም። ማን እንደተኮሰ የሚናገር አልተገኘም።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ቀጄላ ፎቶ ቤቱ መጡ። መዳፋቸው ላይ የተማሪ መታወቂያ ነበር፤ ፎቶው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው፣ ግማሹን ማኅተም መትቶታል።

"ሌላ ፎቶ የለውም" አሉ። "ለቀብሩ ትልቅ አድርግልኝ። ሰው ፊቱን ይየው።"

ቢንያም ያንን ለማድረግ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ግን የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ወሬ ሰምቶ ነበር፤ ቡራዩ በተኩስ የሞተ ተማሪ ፎቶ ያተመ አንድ ሰው ተይዞ ተወስዷል የሚል። ወሬውን ያጣራ የለም፣ እሱም አላጣራም። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። አፉ ከእሱ ቀድሞ "ያ ሌንስ ተበላሽቶብኝ ለጥገና ሰድጄዋለሁ" አለ። ካሜራው ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ መካከል ተቀምጧል፤ ሌንሱም ተገጥሞበታል። ቢንያም አይቶታል። ግን ገበሬ ሌንስን ከሌንስ በምን ይለያል ብሎ ተማመነ፤ እኔ ከውሸቱ ይልቅ ይቺን ንቀት ነው ይቅር የማልለው።

ኦቦ ቀጄላ ወደ ጠረጴዛው አዩ፣ ወደ እሱ አዩ። "አይዞህ፣ ይሠራልሃል" ብለው ወጡ። ልጁ የሞተበት ሰው እሱን አጽናንቶት ሄደ!

ቀብሩ ላይ የተያዘው ፎቶ አንድ ሰው በስልክ አንስቶ ያሳተመው ነው። ዓይኖቹ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ፣ አፉ የለም፤ የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል። ሴቶቹ ያንን ብዥታ እያዩ "ኩምሳ፣ ኩምሳ" እያሉ ያለቅሳሉ። ቢንያም ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ከጫማው ላይ ዓይኑን አላነሳም። አፈረ፤ እፍረቱም እያደር የሚቀል ዓይነት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ቀጄላ ማር የሚጭኑበትን ጋሪ ከሩቅ ካየ መንገድ ይቀይራል። ቀለበት ለማንሳት ያንን ሌንስ ሲገጥም ፊቱ ይጠቁርና ሙሽሮቹ "ምነው፣ አመመህ?" ይሉታል። ለቢታንያ እንኳ አልነገራትም።

አርባው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ካሜራውን አንግቦ ሄደ። ኦቦ ቀጄላ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ" አሉ፣ እሱ ሰላም እስኪላቸው ሳይጠብቁ።

"ደህና ነኝ፣ ኦቦ ቀጄላ። መታወቂያውን ይስጡኝ፤ ለአርባው ላድርስልዎ።"

አመጡለት። በርጩማ ላይ አስቀምጦ ተንበረከከ፣ በሌንሱም አየ። ማኅተሙ ጉንጩን አቋርጦታል፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ግን የታፈነች ሳቅ አለች። ያችን ሲያይ እጁ ተንቀጠቀጠና ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

"ኦቦ ቀጄላ፣ ያን ቀን ሌንሱ አልተበላሸም ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ጠረጴዛህ ላይ ነበር እኮ፣ ረጅሙ። አብረን አይደል እንዴ የመረጥነው?"

ቢንያም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። "ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ፈርተሃል። ልጅም አለችህ። አልተቀየምኩህም አልልህም። ተቀይሜሃለሁ።"

ቢንያም ካሜራውን አነሳ። የኩምሳ ፊት ሌንሱ ውስጥ መጣ፣ ደበዘዘ፣ ደግሞ መጣ። ኦቦ ቀጄላ ከጎኑ ተንበረከኩ።

"አትንቀጥቀጥ። ያደበዝዛል ብለኸኝ የለም?" አሉና ክንዱን በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙለት።