ኦርኬስትራችንና የፈረስ ጭራ

የኦርኬስትራችን ሰዎች እነዚህ ነበሩ። ዋሽንት የሚነፋው የትራክተር ሹፌር ነው። ከበሮ የሚመታው ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ በዚያው የቀረ ጎልማሳ ነው። ክራር የያዘው የልጄ የአማርኛ መምህር ነው። የምትዘፍነው ጉምሩኩ አጠገብ ሻይና ከርከዴ የምትሸጥ ሴት ናት። ማሲንቆውን የምትጫወተው ልጄ ናት፤ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ምንም አልጫወትም፤ ግን ታሪኩ ያለ እኔ ጥፋት አይነገርም።

እኔ በመተማ ዮሐንስ የሰሊጥ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ማንበብ የለመድኩት ብቻዬን ነው፤ ከጆንያ ላይ ጽሑፍና ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። እንዲህ የተማረ ሰው ልጁ ማሲንቆ ስታነሳ ደስ አይለውም። “ማሲንቆ የሚገዘግዝ እጅ እስክሪብቶ አይዝም” አልኳት። እውነቱን ለመናገር ትምህርቷ አላሰጋኝም፤ አንደኛ ነበር የምትወጣው። ያስፈራኝ “የአዝማሪ አባት” መባል ነው። ወላጅ የራሱን ፍርሃት ምክር አስመስሎ ለልጁ መስጠት የለበትም። እኔ ሰጥቻለሁ።

መምህሩ ሊያግባባኝ መጣና በሬዲዮ የሰማውን አወራኝ።

“ጋሼ፣ አውሮፓ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ኦርኬስትራ አለ። አንዱ ሲያረጅ ወንበሩን ለሌላው እየለቀቀ ነው እዚህ የደረሰው።”

“እየጠጡ ነው የሚጫወቱት?”

“ኧረ ምን መጠጥ። ያረፈደ እንኳ በር ይዘጋበታል። ሊጀምሩ ሲሉ ሁሉም ጸጥ ይላሉ፤ አንድ ሰው ድምፅ ይሰጣል፤ ሌሎቹ መሣሪያቸውን በእሱ ያስተካክላሉ።”

“በእናንተስ ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው?”

“ልጅዎ ናታ።”

ሥርዓት ያለው ነገር እወዳለሁ። ፈቀድኩ፤ ግን ልምምዱ በእኔ መጋዘን፣ እኔ ባለሁበት ይሆናል፤ ያረፈደም አይገባም አልኩ። ሻይ ሻጯ “ኦርኬስትራ ብለን ወታደር ቤት ገባን” አለች። መጀመሪያ በር የተዘጋባትም እሷ ናት። ከውጭ ሆና፣ በሩን እየደበደበች፣ ድርሻዋን እስከ መጨረሻው ዘፈነች። በልቤ ስቄያለሁ፤ በሩን ግን አልከፈትኩም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ የጎንደር ባለሀብት ሰምቶን አብደራፊ ላለው እርሻው የአጨዳ መዝጊያ ድግስ ጠራን። ልጄ ሰው ፊት ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር። ቀን ትቆጥር ጀመር። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ፣ “እዚያ ካሳፈርሽኝ ማሲንቆው ያበቃል” ብያት ነበር።

ለድግሱ አራት ቀን ሲቀረው ማሲንቆው ላይ ነጭ ብናኝ አየሁ። የአውታሩና የደጋኑ የፈረስ ጭራ ድምፅ እንዲያወጣ የምትቀባው የዛፍ ሙጫ መሆኑን አላወቅኩም፤ አቧራ መሰለኝ። በእኛ ቆላ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ቢል፣ ቆዳ ቢደርቅ፣ ተረከዝ ቢሰነጠቅ መድኃኒቱ የሰሊጥ ዘይት ነው። አውታሩንም ደጋኑንም አሳምሬ ቀባኋቸው። ሲያብረቀርቁ ደስ አለኝ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደጋኑን ሳበችው። ድምፅ የለም። ደግማ ሳበችው፤ ሽው ብቻ።

“አባባ፣ ምን ነክቶት ነው?”

“ላጸዳው ብዬ የሰሊጥ ዘይት ቀባሁት።”

ደጋኑን አስቀመጠችው። “እንዳልሄድ ብለው ነው?”

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያ ጥያቄ ያመመኝ የለም። አልተቆጣኋትም። እንዲህ እንድታስብ ያደረግኳት እኔው ነኝ።

ጭራው መለወጥ ነበረበት። በእኛ ሙቀት ደግሞ ፈረስ አይበረክትም። ከበሮ መቺው የአህያ ጭራ ቆርጦ ሞከረ። ሹፌሩ ድምፁን ሰማና “ይሄስ ራሱ አህያው ነው” አለ። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ደጋ ወጣሁ፤ አይከል ገበያ አንድ ባለ ፈረስ አገኘሁ።

“ፈረሱን ነው የሚገዙት?”

“ጭራውን።”

ከላይ እስከ ታች አየኝ። “ደህና ነዎት?”

“ለልጄ ማሲንቆ ነው።”

“ፈረሴስ ዝንቡን በምን ያባር?”

“እኔስ ልጄን በምን ዓይኔ ልያት?”

ሳቀ። ረዣዥሙን እየመረጠ ቆረጠልኝ፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰም። መሽቶብኝ እዚያው አልጋ ይዤ አደርኩ።

አብደራፊ በባዶ የጭነት መኪና ሄድን። ድግሱ ላይ የጎጃም ሠራተኛ በአንድ ወገን፣ የወሎው በሌላ ወገን ተቀምጧል። ልጄ አዲሱን ጭራ ሙጫ ቀብታ ድምፅ ሰጠች፤ መምህሩ ክራሩን በእሷ አስተካከለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “አባባ፣ ይጀመር?” አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የጎጃምና የወሎ ወገን የሚባል ነገር አልነበረም። ባለሀብቱ ባርኔጣውን ጥሎ ከአጫጆቹ ጋር ይጨፍራል። እኔ ተቀምጬ ነበር፤ ትከሻዬ ግን አልታዘዘኝም። ልጄ አይታኝ ኖሮ ደጋኗ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ስንመለስ የአውቶቡሱን፣ የአልጋውንና የጭራውን ወጪ ጥፋተኛው ብቻዬን እችላለሁ አልኩ። ሻይ ሻጯ አቋረጠችኝ። “ጋሼ፣ እርስዎ የኦርኬስትራው ሰው አይደሉም እንዴ? የአንዱ ጥፋት የሁሉም ነው። ደግሞ በር ሲዘጉ ብቻ አባል፣ ሲከፈል ባዳ አይሆኑብንም።” ሁሉም እጁን ኪሱ ከተተ። ልጄ እንኳ ለደብተር ያጠራቀመችውን አወጣች። ለስድስት ሰው ስልሳ ስልሳ ብር ደረሰን፤ በጠቅላላው ሦስት መቶ ስልሳ ብር።