ኤልፉ በሁዳዴ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የጠየቅሁት ጥያቄ ቢሮውን አሳቀ። ቦሌ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ነው። የተቀጠርኩት የሙከራ መዝጋቢ ሆኜ ነው፤ ሰው መጥቶ ጨዋታውን ሲሞክር ምን እንደመረጠ፣ የት ቦታ እንደሞተ ቅጽ ላይ እሞላለሁ። አለቃዬ ናሆም፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ተጫዋቹ የሚመርጣቸውን ሦስት ዘሮች አስተዋወቀኝ፤ ሰው፣ ድንክና ኤልፍ።

«ኤልፍ ጆሮው ሹል፣ ቀስቱ የማይስት፣ ሰባት መቶ ዓመት የሚኖር የጫካ ፍጡር ነው።»

«ትምህርት ቤት የሚገባው በስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት።

የምሬን ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍልን የጨረስኩት በማታ ትምህርት፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ያልሳቀችው ኤልፎቹን የሣለችው ቤዛ ብቻ ነበረች። «መቶ ሲሞላው፣ እትዬ ጽጌ» አለችኝ። ጻፍኩት።

ሁለት ሳምንት ሞካሪ ስንጠራ ከረምን፤ ከቦሌ ለሚ ልብስ ስፌት፣ ከኤርፖርቱ ካርጎ፣ ከሾላ ቅመም ተራ። ሁሉም ማለት ይቻላል ኤልፍ መረጠ።

«በጣም ጠንክሯል» አለ ናሆም። ቀስቱን አዳከምነው፤ መረጡት። ሩጫውን ቀነስንበት፤ መረጡት። ጠጠር ቢነካው የሚወድቅ አደረግነው፤ እየወደቁ መረጡት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ናሆም በያይነቱውን እየጠቀለለ ወሰነ፤ «ዓርብ ኤልፉ ከጨዋታው ይወጣል። ሌሎቹን ዘሮች ገደለብን።»

ለቤዛ የሁለት ዓመት ሥራዋ ነበር። የጠቀለለችውን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። እኔ አንድ ቀን እንዲሰጠኝ ለመንኩ። ቅጹ «ምን መረጡ?» ይላል እንጂ «ለምን?» አይልም፤ ያዘጋጀሁት ደግሞ ራሴ ነኝ።

በማግስቱ ደሳለኝ ከሚባል የካርጎ ሠራተኛ ጀርባ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ኤልፉ ለሦስተኛ ጊዜ ሞተበት።

«ድንኩን ለምን አትሞክረውም? መዶሻ አለው እኮ።»

«መዶሻውስ ባልከፋ። ሲርበው ግን የሚበላው ጥብስ ነው፤ ሰውዬውም እንደዚያው። ቅጠልና ፍራፍሬ የሚበላው ኤልፉ ብቻ ነው።»

«ጨዋታ አይደል እንዴ?»

«ሁዳዴ ነው እኮ፣ እትዬ ጽጌ! እንዲበላ የምጫነው በራሴ ጣት ነው። ከፋሲካ በኋላ ይጥሩኝ፤ ድንክ ሆኜ በሬውን ከነቀንዱ እጨርስልዎታለሁ።»

ቅጾቹን አገላበጥኩ። ቀኑ ሁሉም ላይ በእኔው እጅ፣ በንጹሕ ጽሕፈት ተሞልቷል። እኛም በየቀኑ የጾም ምሳ እያዘዝን ስንበላ አንዳችንም አላሰብነውም።

ጉዳዩን ለናሆም ነገርኩት። «እኔም ቤት ስጫወት ኤልፉን ነው የምመርጠው» አለ።

ኤልፉ ዓርብን አለፈ። ከፋሲካ በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ጠራን። ደሳለኝ ቃሉን ጠበቀ። ኤልፍ የመረጠ አንድም ሰው አልነበረም።

«ደክሟል፤ ይውጣ ይሆን?» አለ ናሆም።

ቀኑን በጣቴ አሳየሁት።

ለድንኩና ለሰውየው ሽሮ ተጨመረላቸው፤ ለኤልፉ ቀስቱና ሩጫው ተመለሱለት። በሚቀጥለው ሙከራ ሦስቱም ዘሮች መራጭ አገኙ።

ዛሬ ቅጹ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ «ጾም ነው ፍስክ?» እና «ሌሎቹን ለምን ተዉአቸው?»። አዲስ መዝጋቢ ሲቀጠር ሁለቱንም ሳይሞላ ሞካሪውን እንዳያሰናብት እነግረዋለሁ።