ለጤና ጥበቃ ሰዎች ደጃቸውን በእበት የለቀለቁት አዴ ጫልቱ

ዛሬ ጠዋት የጤና ጥበቃ ሰዎች የእበት ሽታ ሊመረምሩ ሰፈራችን ሲመጡ፣ አዴ ጫልቱ "የመንግሥት እንግዳ ነው" ብለው ደጃቸውን በአዲስ እበት ለቅልቀው ጠበቋቸው!

ምን ያድርጉ፣ ያደጉበት አገር እንግዳ የሚቀበለው እንዲያ ነው።

አዴ ጫልቱ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጓሯቸው ውስጥ ላሞች ያረባሉ። ሰፈርተኛው ሽታውና ዝንቡ አማረረን ብሎ ለቀበሌ አመልክቶባቸው ነው።

አንደኛው መርማሪ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ፣ "እናት፣ ላሞቹ እስከ እሑድ ከከተማ ይውጡ" አለ።

"ጓድ፣ ለዝንቦቹም መሸኛ ይጻፍላቸው" አልኩ እኔ።

አብሯቸው የመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር አፈጠጠብኝ። አዴ ጫልቱ ግን ሳቁ። "አንተ ጅብ! ወተቴን ስትጠጣ ዝንቡ አልታየህም?"

ከዚያ ወደ መርማሪው ዞሩ። "እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ዴራ ገጠር ውስጥ ወንድሜ አለ።"

"እርስዎን እኮ ውጡ አላልንም" አለ ደንግጦ።

"እነሱ ከሌሉ ከማን ጋር ላውራ?"

ይሄኔ ቀልድ ጠፋብኝ። ጓደኞቼ ሁሉ ብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል፤ እኔን በእግሬ ምክንያት መልሰውኛል። በሰፈሩ ስተርባቸው መልስ የሚሰጡኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አሁን ደጃፌ ላይ ተቀምጫለሁ። የአዳማ ነፋስ ያንን ሽታ ይዞት ይመጣል፤ ሌላው አፍንጫውን ይያዝ፣ እኔ እስከ እሑድ እስበዋለሁ።

እናንተስ፣ የሚሰድባችሁ ሰው ሰፈር ለቆባችሁ ያውቃል? ከዚያ በኋላ ማንን ስትነካኩ ዋላችሁ? እስቲ ንገሩኝ።