ለቀሚስ የወጣ ደንብ

ሽጉጥ የሚባል ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ስጠላ ኖሬ በስተርጅና የተኳሾች እናት ሆንኩ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኖርዝጌት በሚባል ሰፈር ቤቱ የሚያኖረኝ ትንሹ ልጄ ከሀበሻ ጓደኞቹ ጋር የተኩስ ማኅበር አለው። እሁድ እሁድ ከከተማ ወጣ ብለው፣ ረዣዥም ጥድ የከበበው ሜዳ ይከራዩና ካርቶን ሲበሱ ይውላሉ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። እዚያ ሄደሽ ምን ትሠሪያለሽ የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ቤት ብውልስ ምን እሠራለሁ እለዋለሁ።

እግሬ ቤት አይወድም። ልጅ ሳለሁም እንዲሁ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ደጅ ባልደርስም ያልደረስኩበት መንደር አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ባቡሩ ተመቸኝ። ልጄ ሥራ ሲገባ እኔ ካርዴን ይዤ እወጣለሁ፤ ከኖርዝጌት እስከ ከተማው ማዶ፣ እስከ ኦቴሎ፣ ከኦቴሎ መልሶ ኖርዝጌት። ባቡሩ መሬት ውስጥ ሲገባ መስኮቱ ላይ የራሴን ፊት አያለሁ፣ ሲወጣ የሰው ጓሮ አያለሁ። ሰው ይሳፈራል፣ ሰው ይወርዳል፣ የሁሉም ጆሮ በማዳመጫ ተደፍኗል። አንዳንድ ቀን አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ውዬ እገባና፣ ማታ ልጄ "እማዬ እንዴት ዋልሽ" ሲለኝ ድምፄ ሻክሮ ይወጣል።

ልጅቷን ያገኘኋት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ልጅቷ እላለሁ እንጂ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። የወሎ እስላም ናት፣ ኦቴሎ ብቻዋን ትኖራለች። ሥራዋ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው፤ ስታመሽ መኪናዋ የቆመበት ድረስ ጨለማውን ብቻዋን ታቋርጣለች። አንድ ማታ አንድ ሰው ተከተላት። ምንም አላደረጋት፣ ብቻ ተከተላት። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ አውጥታ ሽጉጥ ገዛች፤ መግዛቱ ብቻ እንቅልፍ ስላልሰጣት መተኮስ ልትማር ወደ ልጄ ማኅበር መጣች።

ከወንዶቹ መሀል ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች፤ ስለዚህ ማረፊያዋ እኔ ጎን ሆነ። ልጄ ካርቶኑን ለመትከል ማልዶ ስለሚሄድ እኔን ከቤት የምትወስደኝ፣ ማታም የምትመልሰኝ እሷ ሆነች። መኪናዋ ውስጥ ነው የምናወራው። ስለ እናቷ፣ ስለምታጥባቸው ሽማግሌ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ባቡር ላይ ስላየሁት ሰው። የሳምንቱን ወሬዬን በሙሉ ለዚያች መኪና አስቀምጥ ነበር። ሰኞ ያየሁትን ለእሁድ።

በጋው ሲገባ ማኅበሩ ውድድር ላዘጋጅ አለ። እንደ ሌላው የተኩስ ውድድር አይደለም። ሰው በዘወትር ቀን ሽጉጡን በልብሱ ሥር ደብቆ እንደሚይዘው ሆኖ ይመጣል፤ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ፒፕ ስትል ልብሱን ገልቦ፣ ሽጉጡን ከአፎቱ መዝዞ ይተኩሳል። ለዚህ ደግሞ ደንብ ያስፈልጋል፤ ምን ዓይነት ሽጉጥ፣ ምን ዓይነት አፎት፣ ምን ዓይነት ልብስ። ደንቡን ሊያወጡ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ቤት ሳሎን ተሰበሰቡ። ልጄ እውነተኛ ሽጉጥ ሳሎኔ አይገባም ብሎ ስለከለከለ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰማያዊ የፕላስቲክ ሽጉጥ ነው፤ የልጅ መጫወቻ ይመስላል።

ከመሀላቸው አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አለ፤ ሽጉጡ ላይ ቀይ ነጥብ የምታሳይ መነጽር ስላስገጠመ ባለ መነጽሩ ነው የሚሉት። ጭቅጭቁ የተጀመረው ከሱ ነው።

"መነጽር ያለው ለብቻው ይወዳደር" አለ ልጄ።

"ዓይኔ ደክሞ ነው ወንድሜ። የደከመ ሰው ምርኩዝ ቢይዝ ለብቻህ ሂድ ይባላል?"

"ባለፈው እሁድ ሜዳው ጫፍ ላይ ያለች ወፍ አሳየኸኝ እኮ" አለው አንዱ።

"ያየኋት በመነጽሩ ነው።"

ሳቁበት። መነጽር ያላቸው ለብቻቸው ይቆጠሩ ተባለ። ከዚያ የጃኬት ነገር መጣ። ለካ ተንኮለኛ ሰው ጃኬቱ ቶሎ እንዲገለብለት ኪሱ ውስጥ ከባድ ነገር ይከታል። ባለ መነጽሩ ጃኬቱን ሲያራግፉለት እፍኝ ሙሉ የጎማ ብሎን ወጣ።

"ይሄ ከሥራ የቀረ ነው" አለ።

"ሁሉም ባንድ ኪስ ነው የቀረው?"

ኪስ ባዶ ይሁን ተባለ። ቀጥሎ መደበቁን መፈተኛ። ተወዳዳሪው ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ይዞራል፤ ሽጉጡ ከታየ ወይም ልብሱን ከገፋ አይገባም። ማን ይይ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "እማማ ይዩልን" አሉ፣ "እኛ የት እንደሚታጠቅ ስለምናውቅ ዓይናችን ቀድሞ እዚያ ይሄዳል።" አንድ በአንድ የፕላስቲኩን ሽጉጥ እየታጠቁ ሶፋዬ ፊት እጃቸውን እየዘረጉ ዞሩ። ትልልቅ ወንዶች፣ የልብስ ልክ እንደሚወሰድለት ልጅ። እኔም "ይታያል"፣ "አይታይም" እያልኩ ፈረድኩ። ባለ መነጽሩን "ይታያል" አልኩት።

"እማማ፣ እሱ ሆዴ ነው።"

ልጅቷ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ለውድድሩ በጣም ነበር የጓጓችው፤ መኪና ውስጥ ሁለት እሁድ ሙሉ ያወራችኝ ስለሱ ነው።

ከዚያ ልጄ የቀበቶውን ደንብ አነበበ። አፎቱ ቀበቶ ላይ ይታሰር፣ ቀበቶው በሱሪው ማሳለፊያ ይለፍ፣ ከላይ ሸሚዝ ወይም ጃኬት ይሸፍነው። በቦርሳ መያዝ፣ በጨርቅ ወገብ ላይ ጠምጥሞ መያዝ አይፈቀድም። እሷ ግን የምትለብሰው እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርድ ቀሚስ ነው፤ ሽጉጧን የምትይዘው ከቀሚሱ በታች ሰፊ የጨርቅ መታጠቂያ ጠምጥማ ነው። ቀሚስ ቀበቶ ማሳለፊያ የለውም።

ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ምክንያቱን አስረዳ፤ የቀሚስ ጨርቅ እጅ ይይዛል፣ እጅ ሲያዝ አፈሙዙ ወደ ራስ እግር ይዞራል፣ ሴፍቲ ነው አለ። ከዚያ ወደሷ ዞሮ "ላንቺ ችግር አለው እንዴ?" አላት።

"ግድ የለም" አለች ሻርፗን እያስተካከለች። "እኔ እንኳ ባልወዳደርም ምንም አይደለም።"

"ኦኬ። ሶ፣ የሚቃወም ከሌለ እንለፍ" አለና ወደ ጥይት ካዝና ቁጥር ተሻገረ።

እኔ እንደገና ይጠይቃታል ብዬ ጠበቅሁ። እኛ አገር እንግዳ "ግድ የለም፣ በልቻለሁ" ሲል መሶቡን የሚያነሳ ሰው ቢኖር ዓመት ይወራበታል። ጥያቄው ገና እዚያ ጋ ነው የሚጀምረው፤ ትለምኚዋለሽ፣ በሞቴ ትይዋለሽ፣ ደግመሽ ትለምኚዋለሽ፣ ከዚያ ነው መራቡን የሚነግርሽ። እነዚህ ልጆች ግን እዚህ አገር ብዙ ኖረው፣ ሰው መጀመሪያ ያለውን ይዞ መሄድ ለመዱ። እሷ ደግሞ መለመን እየጠበቀች ሻርፗን ጨብጣ ቀረች። እኔ ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የወንዶች ጉባኤ ውስጥ ምን አገባሽ የሚለኝ ሰው አልነበረም፣ ግን እነሱ ስለ ካዝናው ተያይዘው ነበርና ተነስቼ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ።

በሚቀጥለው እሁድ አልመጣችም። ሥራ ገባሁ ብላ ላከች። በሌላውም እሁድ ሥራ ገባች። ከልጄ ጋር ማልጄ ሄድኩ፤ የኋላው ወንበር ካርቶን ስለሞላበት አንዱ ጠርዝ ማጅራቴን እየነካኝ ነው የሄድነው። ልጄ መንገድ ላይ ሬዲዮ ይሰማል። ሰኞ ባቡር ላይ አንድ ሽማግሌ ለውሻው ደብዳቤ ሲያነብለት አይቼ ነበር። ልነግረው ጀመርኩ።

"እ?" አለኝ ሬዲዮውን ሳይቀንስ።

"ምንም አይደል" አልኩት።

ማታ "ልጅቷ በደንቡ አዝና ነው የቀረችው" አልኩት።

"ጠየቅኳት እኮ እማዬ። ግድ የለም አለች።"

"እሱ መልስ ነው እንዴ?"

"እሺ፣ ኮል ላድርግላትና ስሚ።" ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ደወለ። ድምጿ ሳሎኑን ሞላው። በደንቡ ተከፍተሻል እንዴ አላት። "ኧረ ምንም፣ ግድ የለም ወንድሜ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እማማ ደህና ናቸው?" አለች። ዘግቶ ሁለት መዳፉን አሳየኝ። "ይኸው።"

በማግስቱ ባቡሬን ይዤ ኦቴሎ ወረድኩ። ቤቷን በመኪና ስናልፍ አሳይታኝ ስለነበር አልጠፋኝም። ከሌሊት ሥራ ገብታ ተኝታ ኖሮ ዓይኗን እያሸች ከፈተች። እኔን ስታይ ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች።

"ማንም አልሞተም" አልኳት፣ "ለምን ቀረሽ ልልሽ ነው የመጣሁት።"

"ሥራ ነው እማማ።"

"ሥራስ ድሮም ነበረሽ።"

ሻይ አፈላች። ጠጣሁ። ደግሜ ጠየቅኋት፣ ግድ የለም አለች። ስለ እናቷ ጤና ጠይቄ፣ ስለ ኪራይ ቤቷ ሙቀት ጠይቄ፣ ዞሬ እዚያው መጣሁ። "በሞቴ" አልኳት።

"ኧረ አይሙቱብኝ" አለችና ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ሱሪ መልበሱ አይደለም እማማ። ሱሪም እለብሳለሁ፣ ከላይ ረዥም ሸሚዝ ደርቤ። ግን ለመምዘዝ ሸሚዙን እስከ ደረቴ ልገልበው ነው። ያ ሁሉ ወንድ ከኋላ ቆሞ ሆዴን ላሳይ? ይሄን ደግሞ በስብሰባ እጄን አውጥቼ ልናገር?"

"ምን ቢሆን ትወጃለሽ?"

"ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ከዚያ አንስቼ ብተኩስ ይበቃኝ ነበር። እነሱ ከሚመዙት የሚፈጥን ከሆነ ሰከንድ ይጨምሩብኝ።" ሻዬን ጨመረችልኝና፣ "መቅረትስ ባልቀርም ነበር፤ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ግን ዕንባዬ ይመጣል" አለች።

"ለልጄ ልንገረው?"

"እርስዎ ያሰቡት አድርገው ይንገሩት። ስለ ሆዴ እንዳይነሳ።"

እንደዚያው አደረግሁ። አሮጊት ነኝ፣ የመጣልኝን እናገራለሁ፤ ቀሚስ ለባሽ ሁሉ ከጠረጴዛ ቢያነሳ ምን አለበት አልኩት። ልጄ ብዙ አሰበና ለጓደኞቹ ደወለ። ባለ መነጽሩ አላመነታም።

"እንግዲያው እኔም ከጠረጴዛ ላንሳ" ሲል በስልክ ሰማሁት። "እኔ እንደሁ ሆዴን ማሳየት አፍራለሁ።"

"አንተማ ሸሚዝህ ሳይገለብም ይታያል፣ እማማ ፈርደዋል" አለው ልጄ።

ብቻ ደንቡ ተጻፈ። የፈለገ ሰው ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መጀመር ይችላል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጨመርበታል። ሴት አይልም፣ ቀሚስ አይልም፣ ምክንያትም አይጠይቅም። ልጄ ሲያነብልኝ ደስ አለኝ። የእኔ መኪና ተመለሰችልኝ አልኩ በልቤ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ለባብሼ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ደወለች። ከድምጿ ጀርባ የሰው ጫጫታ አለ። "እማማ፣ ደንቡን ለሥራ ጓደኞቼ ነግሬያቸው እኛም እንሞክር አሉ። መኪናው ሞላብኝ። ከልጅዎ ጋር ይምጡ፣ እዚያ እንገናኛለን።" ልጄ ከሄደ ቆይቷል። ተመልሶ እንዲወስደኝ ደወልኩለት፤ ካርቶን መትከሉን ጥሎ እየተነጫነጨ መጣ።

ሜዳው ላይ ሴቶች አየሁ። ወላይታዋም፣ ጉራጌዋም፣ ሐረሬዋም፣ ቀሚስና ሱሪ፣ ሻርፕና ባርኔጣ። ጆሮ መድፈኛቸውን እየተቀያየሩ ይሳሳቃሉ። እሷ መሀላቸው ሆና እንዴት እንደሚቆም ታሳያለች፤ ጀርባዋን አቅንታ፣ እግሯን አራርቃ፣ ቆም ብላ ደግሞ "እንደዚህ አይደለም" እያለች። ትከሻዋ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ከዚያ በፊት አላየሁም። ተራዋ ሲደርስ ፒፕ ሲል ሽጉጧን ከጠረጴዛው አነሳችና ተኮሰች። እኔ የተሰጠኝን ትልቅ ጆሮ መድፈኛ አድርጌ ስለነበር ሁሉም ነገር ከሩቅ፣ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ ነው የሰማሁት። አላሸነፈችም። መሀል ላይ ገባች። ሴቶቹ ግን እንዳሸነፈች አድርገው አቀፏት።

ወደ እኔ ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል አነሳኋት። "እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ" ብላ ጀመረች። አንዷ ከወዲያ ጠራቻት፣ "መጣሁ" አለችና ሄደች። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ መኪናዋ ውስጥ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። እኔና እሷ በዚያች መኪና ውስጥ ሁለት ብቸኞች ነበርን፤ እሷ አሁን አይደለችም። ይህን የተመኘሁላት እኔ ራሴ ነኝ፣ አልቆጭም።

ማምሻውን ሴቶቹ እራት ሊበሉ ተያይዘው ሄዱ። በመኪናው መስኮት እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ወንዶቹ ሣሩ ውስጥ የወደቀውን ቀለሃ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ልጄ "እማዬ መኪና ውስጥ ግቢ፣ ይበርድሻል" አለኝ። ገባሁ። ቀኑ ረዥም ነበር፣ ልቤም ሞልቷል፤ አንዲት ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ገና ከመተኮሷ በፊት ዓይኗን ጨፍና "ቢስሚላህ" ማለቷን፣ ባለ መነጽሩ እያፈረ ጃኬቱን አውልቆ ለአንዷ ማልበሱን፣ ሁሉንም ለሰው ማውራት አማረኝ። የማውቃቸው ሰዎች ግን ሁሉም እዚያው ነበሩ፣ ሁሉም አይተውታል። ልጄ ካርቶኑን ከኋላ ጭኖ ሞተሩን አስነሳ፣ ሬዲዮውንም ከፈተ።